አስቸኳይ! የፊልተር ካርቦን በርሜል ውስጥ አመድ እየሆነብኝ ነው

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ወገኖች ቶሎ እርዱኝ! የፊልተሩን ካርቦን (ሽታ የሚይዘውን ከሰል) በሙቀት አድሳለሁ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ በርሜል ውስጥ እያነደድኩ ነው። ከላይ ነጭ አመድ ለብሷል፣ ከሥር ፍም ነው። ውሃ ልድፋበት? ማታ እንግዶች ይገባሉ።

ጣና ዳር፦ የምን ፊልተር? በርሜሉ ክዳን አለው?

ጠያቂ፦ ለእንግዳ ማረፊያችን የጉድጓድ ውሃ የሚያጣራው ነው። ክዳን የለውም። ውሃው መሽተት ስለጀመረ ነው። ማገዶው ከሴፕቲክ (ከሽንት ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያው) የወጣ የደረቀ ዝቃጭ ነው።

ቀበሌ 14፦ ውሃ እንዳትደፋ! እንፋሎቱ ፊትህን ይገርፍሃል። ከሥር ያለውን እሳት አውጣ፣ በርሜሉን በቆርቆሮ ክደነው፣ ዙሪያውን በጭቃ ምረገው። እስኪበርድ አትክፈት። ቤት ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ የፍም ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል።

ጋሼ ኬሚስት፦ ልጄ፣ ካርቦን በሙቀት ይታደሳል፣ እውነት ነው። መጀመሪያ 100 ዲግሪ አካባቢ ውሃው ይደርቃል። ሙቀቱ ሲጨምር የያዘው ቆሻሻ ከፊሉ ይተናል፣ የቀረው ይከስላል። በመጨረሻ ከ800 እስከ 900 ዲግሪ በእንፋሎት ያ የከሰለው ተጠርጎ ቆሻሻ የሚይዙት የካርቦኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ይህ ሁሉ አየር በተቆጣጠሩበት ምድጃ ነው፤ ያም ሆኖ ብዙውን ጊዜ በየዙሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ይጠፋል። ከሰል የሚያከስል ገበሬ እንጨቱን አፈር የሚያለብሰው ለምን ይመስልሃል? አየር ካገኘ አመድ ነው።

የዓባይ ልጅ፦ ፍሙ ካለ ጀበናውን ይዘን እንምጣ! ይልቅ አዲስ ካርቦን ስትሞላ ብቻህን ታንኩ ውስጥ እንዳትገባ፤ እርጥብ ካርቦን የታንኩን ኦክስጅን ይመጠዋል፣ ሰው ወድቆ ይቀራል።

ሽምብጥ፦ ክዳንና ጭቃ፣ ውሃ አይሆንም።

ባለ ቧንቧ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። ካርቦን ሽታ ይይዛል እንጂ ተውሳክ አያስቀርም። ውሃው የሸተተው ካርቦኑ ስለጠገበ ነው ወይስ ሴፕቲኩ ወደ ጉድጓዱ ስለሰረገ? ምን ያህል ይራራቃሉ?

እናትዬ፦ ያንን ዝቃጭ በእጅህ ከነካህ በሳሙና ታጠብ። ደርቋል ብለህ አትመነው፣ የወስፋት እንቁላል ለወራት ይቆያል።

ጠያቂ፦ ክደኜ መረግኩት፣ ጭሱ ቀንሷል። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሴፕቲኩ 12 ሜትር ይሆናል፣ ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ ነው ያለው።

ባለ ቧንቧ፦ ከፍ ብሎ?! ቢያንስ 30 ሜትር ይባላል፤ ያውም ከጉድጓዱ ዝቅ ብሎ። ዛሬ ያን ውሃ ለማንም እንዳታቀርብ። ለመጠጥም ለጥርስም የታሸገ ግዛ። ለማብሰያ የግድ ከሆነ በደንብ አፍላው፤ እዚህ ከፍታችን ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ለተውሳኩ ይበቃል። ነገ ናሙናውን ላቦራቶሪ ውሰድ።

ጣና ዳር፦ በርሜሉን ጠዋት ስትከፍተው ምን እንደቀረ ንገረን።