የዕቅድ ውይይት፦ የቤት ለቤት ጉብኝቱ ለሕፃናቱ መጥቀሙን በምን እንለካ?

ሰብሳቢ፦ የጋራ ረቂቁ የምዘና ክፍል ብቻ ቀርቶታል። እኔ ለጊዜው "የተደረጉ ጉብኝቶች ብዛት" ብዬ አስገብቻለሁ። ሐሳብ ስጡበት።

ጎብኚ ነርስ፦ በብዛት ከሆነማ የእኔ ቅጽ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ባለፈው አንድ ቤት ስገባ ልጁ ተኝቷል፣ እናቱ ልብስ ታጥባለች። ቆሜ አወራኋትና "ስለ ጨዋታ ምክር ተሰጥቷል" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። አልዋሸሁም፤ ልጁ ግን ያን ቀን ያገኘው ነገር የለም። ጃማይካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በ129 የቀነጨሩ ሕፃናት ላይ በተሠራው ጥናት፣ የጤና ረዳቶች በየሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት እናትና ልጅን አብረው ያጫውቱ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ እንዲያ የተጫወቱት ልጆች ገቢ፣ ጨዋታው ካልደረሳቸው የጥናቱ ልጆች በ25 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። እንግዲህ መቆጠር ያለበት ጨዋታው ነው።

የመረጃ ክፍል፦ እንግሊዝንም እናንሳ እንጂ። ከ1,600 በላይ ወጣት እናቶች በተካተቱበት ሙከራ ነርሶች ከእርግዝና ጀምረው ቢጎበኙም፣ በማጨስም ሆነ በልደት ክብደት ለውጥ አልታየም። ያው ፕሮግራም አሜሪካ ላይ ጥሩ ውጤት አስገኝቶ ነበር። እንግሊዝ ግን ያልተጎበኙትም መደበኛ አገልግሎት አልተጓደለባቸውም፤ እኔ ምክንያቱን እዚያ እፈልገዋለሁ። ከማን ጋር እንደምናነጻጽር ካልወሰንን ቁጥራችን ዋጋ የለውም፤ ልጅ እንደሆነ ባይጎበኝም ያድጋል። ተመዝጋቢው ከቦታው ስለሚበልጥ ዕጣ እናውጣ፤ ያልደረሳቸው በሚቀጥለው ዙር ይገባሉ፣ እስከዚያ ማነጻጸሪያ ይሆኑናል።

ጎብኚ ነርስ፦ የተቸገረች እናት ደጅ ሄጄ "ዕጣ አልወጣልሽም" ልበላት?

የመረጃ ክፍል፦ እህቴ፣ አሁንስ በምን እየመረጥን ነው? ቀድሞ ለተመዘገበ። ያ ደግሞ ወሬ ቶሎ ለሚደርሰው ነው።

ጎብኚ ነርስ፦ እሺ፣ ግን ለአደጋ የተጋለጡት ያለ ዕጣ ይግቡ።

የመረጃ ክፍል፦ ይግቡ፤ ከንጽጽሩ ግን ይውጡ። ሦስቴ ተጎብኝተው ያቋረጡትን ደግሞ እንዳንሰርዛቸው፤ የጸኑትን ብቻ ከቆጠርን ራሳችንን እናታልላለን። ለኪዋም ማን እንደተጎበኘ የማታውቅ ትሁን።

ጎብኚ ነርስ፦ እኔማ የራሴን ልጆች ብለካ ሁሉም ጎበዝ ናቸው።

ሰብሳቢ፦ "ብዛት" የሚለውን አውጥቻለሁ። ዕጣው፣ የውጭ ለኪና በየጉብኝቱ እናትና ልጅ አብረው የተጫወቱበት ደቂቃ ገብተዋል። ጉብኝቱ ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መለካትም ጨምሬያለሁ፤ ወጪውን ገንዘብ ያዣችን እስከ ሐሙስ ያስሉልን።