ልጄ መርከብ ላይ ነው፣ ሦስት ሳምንት ድምፁን አልሰማሁም። ኢንተርኔቱን ለምን ይዘጉባቸዋል?

የናቲ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ልጄ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፣ አሁን ከኖርፎልክ በተነሣ መርከብ ወጥቷል። መጀመሪያ ላይ ማታ ማታ በዋትስአፕ ይጽፍልኝ ነበር። "እማ በልቻለሁ፣ ልተኛ ነው" ብቻ ናት፣ ግን ትበቃኛለች። አሁን ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭጭ። የጓደኛው እናት ጋ ደወልኩ፣ እሷም እንደኔው ናት። ገጠር ያለች እህቴ እንኳ ከማሳ ላይ ሆና በቪዲዮ ትደውልልኛለች፣ ያንን የሚያክል መርከብ ላይ ዋይፋይ ይጠፋል? ቅጣት ነው እንዴ? የምታውቁ ንገሩኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

ቢኒ ሳንዲያጎ፦
እትዬ አይዞዎት፣ ቅጣት አይደለም። እኔ ስድስት ዓመት አገልግዬ ወጥቻለሁ። "ሪቨር ሲቲ" የሚሉት ነገር አለ፣ አዛዡ እሱን ሲያውጅ ከመርከቧ ወደ ውጭ የሚሄድ ኢንተርኔትና ስልክ ይቆማል። የሚዘጋው መርከቧ ያለችበት ወይም የምትሄድበት እንዳይታወቅ ነው። አደጋ ሲደርስም ይዘጋል፣ ቤተሰብ በወጉ ሳይረዳ ከፌስቡክ እንዳይሰማ። ይሄኛውን ባልነግርዎት ይሻል ነበር፣ ግን እሱ ሦስት ሳምንት አይቆይም፣ ስለዚህ የእርስዎ የመጀመሪያው ነው የሚመስለኝ።

ደግሞ ለምን እንደሚያከርሩት እንዲገባዎት የማንቸስተርን ታሪክ ልንገርዎት። ዩኤስኤስ ማንቸስተር እዚሁ ሳንዲያጎ ያለች የጦር መርከብ ናት። በ2023 ወደ ምዕራብ ፓስፊክ ልትወጣ ስትል ቺፎቹ (ከመኮንኖቹ በታች ያሉት አለቆች፣ እንደኛ ባሻ በሏቸው) በ2,800 ዶላር ስታርሊንክ የሚባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሽ ገዝተው መርከቧ አናት ላይ ሰቀሉ። በድብቅ! መሪዋ የመርከቧ ትልቋ ቺፍ ነበረች። አሥራ ሰባት ሆነው እያንዳንዳቸው በወር 62 ዶላር ከ50 እያዋጡ ይጠቀሙ ነበር። ሲግናሉ ሁሉም ጋ አልደርስ ሲል ሃዋይ ውስጥ ፐርል ሃርበር ላይ ኬብልና ማራዘሚያ ገዝተው ጨመሩ። የዋይፋዩ ስም "ስቲንኪ" ነበር፣ ስታርሊንክ ራሱ ያኔ ከፋብሪካ ይሰጠው የነበረ ስም ነው፣ "ግማታም" እንደማለት። ተራው መርከበኛ ስልኩን ሲከፍት ስቲንኪ የሚል ያያል፣ ፓስወርድ የለውም፣ ያጉረመርማል። ለአዛዡ ተብሎ አስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ የተጨመረ ወረቀት እንኳ ሴትየዋ ከመሀል አወጣችው። አዛዡ ሲጠይቃት ካደች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የዋይፋዩን ስም የፕሪንተር ስም አስመስላ ቀየረችው። መርከቧ ላይ እኮ እንደዚያ ያለ ዋየርለስ ፕሪንተር የለም!

ነሐሴ ላይ አንድ ሲቪል ሠራተኛ ባሕር ኃይሉ የፈቀደውን ሕጋዊ ዲሽ ሊገጥም ሲወጣ ሕገወጡን አገኘው። ሴትየዋ በ2024 ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርባ ማዕረጓ ተቀነሰ።

ዘሩ፦
ቢኒ ታሪኩ ልክ ነው፣ ግን እኔ በሴትየዋ አልፈርድም። ወራት ሙሉ የልጅህን ፊት ሳታይ ተቀመጥ ሲሉህ ሰው የሆነ ቀዳዳ ይፈልጋል። ባሕር ኃይሉ ራሱ በኋላ አብርሃም ሊንከን የምትባለዋ አውሮፕላን ተሸካሚ ላይ ለመርከበኞቹ የሳተላይት ዋይፋይ አስገብቶ የለ? ቀድሞ ቢሰጣቸው ማንም ዲሽ አይሰቅልም ነበር።

ቢኒ ሳንዲያጎ፦
ዘሩ ፍላጎቱን ማን ነቀፈ? እኔን የሚያበግነኝ እነማን እንዳደረጉት ነው። የ19 ዓመት ልጅ ቢያደርገው ልጅነት ነው እላለሁ። ያ ልጅ ግን አልጋውን በደንብ ስላላነጠፈ ብቻ የሚጮሁበት ቺፎች ናቸው ያደረጉት፣ ለዚያውም ለራሳቸው ብቻ። ከዚያ በኋላ "ስልክህን አጥፋ" ሲሉት በየት በኩል ይሰማል? እኔ ብሆን አልሰማም።

ሰብሊ፦
የኔትወርክ ሥራ ላይ ነኝ፣ መርከብ ግን በሩቁ ነው የማውቀው። "ከመርከቧ ሲስተም ጋር አልተገናኘም፣ ታዲያ ምን አደጋ አለው" የሚል ሰው ገጥሞኝ ያውቃል። አለው። ዲሹ ራሱ የሬዲዮ ሞገድ ያሠራጫል፣ መርከቧ ድምፅ አጥፍታ ልትሄድ ስትፈልግ እሱን የሚያጠፋው ማንም የለም፣ ምክንያቱም አዛዡ መኖሩን አያውቅም። የቤት ውስጥ ጄኔሬተር ተደብቆ እየሠራ "መብራት አጥፍተናል" እንደማለት ነው።

ደግሞ ሁልጊዜ የሚያጋልጠው የሚላከው መልእክት አይደለም። በ2018 ስትራቫ የሚባለው የሩጫ አፕ ያወጣው ካርታ ላይ የጦር ሰፈሮች ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታይቷል። በ2025 ደግሞ የፈረንሳይ ኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ያሉበት ኢል ሎንግ የሚባል ሰፈር ተራው ደረሰ። ስልክ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ሰዓት ግን እጅ ላይ አለ። መርከበኞቹ ወደቡ ዳር ይሮጣሉ፣ አፑ ይመዘግባል። ከዚያ ሩጫቸው ድንገት ይቆማል፣ ከሳምንታት በኋላ ይጀምራል። የጻፉት ነገር የለም፤ መሮጥ ማቆማቸው ራሱ ሰርጓጇ መቼ እንደወጣች ተናገረ።

የምጽዋው፦
እኔ በደርግ ጊዜ ምጽዋ ነበርኩ። ያኔ ዋይፋይ የለ፣ ደብዳቤ ነው። ወደ ዳህላክ ስንወጣ ለሚስቴ "ለሥራ ነው" እላታለሁ፣ እሷ ግን ምስጢሩን ከጎረቤቷ ትሰማው ነበር። አንዱ ጓዳችን ከመውጣታችን በፊት ሻይ ቤት ያለበትን ዱቤ ሁሉ ይከፍላል፣ ባለሻይ ቤቷ ያን አይታ ታውቃለች። ሰብሊ ያለችው ሩጫ ትዝ ያስባለኝ እሱን ነው። እህቴ፣ ልጅሽ ዝም ካለ ሥራውን እየሠራ ነው።

የናቲ እናት፦
ደወለ! ዛሬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ወደብ ገብተዋል። የት ነው ብለው "እማ እሱን ተይው፣ በርበሬ ላኪልኝ" አለኝ። አድራሻውን ስጠኝ ብለው ኤፍፒኦ የሚል ነገርና ቁጥር ሰጠኝ፣ የአገር ስም እንኳ የለበትም። ፖስታ ቤት ስሄድ በርበሬ ያስገባሉ ወይስ ያስመልሱኛል? የላከ ሰው ካለ ይንገረኝ።