የሚያስለው ሯጭ፦ ፓፍ ይሰጠው ወይስ መጀመሪያ ይመርመር?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ጎንደር ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከጠዋት ልምምድ በኋላ የሚያስላቸው ታዳጊ ሯጮች ሳይመረመሩ የሳልቡታሞል ፓፍ (የአየር ቧንቧን የሚከፍት፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ሊሰጣቸው ይገባል?

አሰልጣኝ (አዘዞ)፦ ይገባል። በሩጫ የሚነሳው አስም ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሩጫው ባበቃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ሳሉና ሲርታው (ሲተነፍስ የሚሰማው ፉጨት) ይብሳል፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ራሱ ይለቃል። ሯጭ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በአፉ ሲስብ የአየር ቧንቧው ይደርቃል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻም ይኮማተራል። ምርመራ እስኪገኝ እየተባለ ልጁ የውድድር ዘመኑ ሊያመልጠው ነው። ከሩጫው 15 ደቂቃ በፊት 2 ፓፍ ይውሰድ፣ በቃ።

ሐኪም (ማራኪ)፦ አይበቃም፣ አሰልጣኝ። ሩጫው ሲከር፣ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ጉሮሮው የሚጮህበት፣ ሲቆም ግን በደቂቃዎች የሚለቀው ልጅ ብዙ ጊዜ ችግሩ ማንቁርቱ ላይ ነው፤ ፓፍ አይፈይድለትም። 2 ሳምንት ያለፈው ሳል ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። እየሮጠ ራሱን የሳተ ልጅ ደግሞ ልቡ ሳይታይ ወደ ሜዳ አይመለስ።

ስፓይሮሜትሪ (በመሣሪያ የሚደረግ የትንፋሽ ምርመራ) ከራቀ በፒክ ፍሎው ሜትር፣ ማለትም ትንፋሽ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ በሚለካ ትንሽ መሣሪያ፣ መጀመር ይቻላል። ሦስት ጊዜ ይንፋ፣ ትልቁ ይመዝገብ። ሳያሟሙቅ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ በኃይል ይሩጥ፤ ከዚያ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ30 ደቂቃ እንደገና ይንፋ። ከራሱ መነሻ 15 በመቶ ከወረደ አስሙን አጥብቀን እንጠረጥራለን። በስፓይሮሜትሪ ሲሆን መለኪያው በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር በ10 በመቶ መቀነሱ ነው።

አሰልጣኝ፦ ከሰዓት በሙቀት ከለካችሁት ግን ምንም አታገኙም። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ በሚሮጥበት ሜዳ ይለካ።

ሐኪም፦ በዚህ እስማማለሁ። ከልኬቱ በፊት ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥ ፓፍ አለመውሰዱም ይረጋገጥ፣ ፓፉም እዚያው በእጃችሁ ይኑር።

ፋርማሲስት (ፒያሳ)፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ሳልቡታሞል በፀረ-ዶፒንግ ሕግ የሚፈቀደው በፓፍ ብቻ ነው፤ ያውም በ24 ሰዓት ከ1600 ማይክሮግራም፣ በማናቸውም 8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ600 ሳይበልጥ። አንዱ ፓፍ 100 ማይክሮግራም ከሆነ በ8 ሰዓት ቢበዛ 6 ፓፍ ማለት ነው። ክኒኑና ሽሮፑ ግን ክልክል ናቸው! ለሳል ተብሎ የተገዛ የሳልቡታሞል ሽሮፕ ልጁን ሊያሳግደው ይችላል። እብጠት የሚቀንሰው ስቴሮይድ ፕሬድኒሶሎን ሲዋጥም በውድድር ጊዜ ክልክል ነው፤ በፓፍ የሚወሰደው ስቴሮይድ ቤክሎሜታዞን ግን በተለመደው መጠን ይፈቀዳል።

አሰልጣኝ፦ እንግዲያው ፓፉ ምን ያስፈራል? ጤነኛውን አያፈጥነው፣ የታመመውን ይረዳዋል።

ሐኪም፦ ዕለት ዕለት ሲወሰድ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፣ የቧንቧውን እብጠትም አያክምም። በየልምምዱ ፓፍ የሚያስፈልገው ልጅ በየቀኑ የሚወሰድ የስቴሮይድ ፓፍ መጀመር አለበት፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ውድድር እስኪቃረብ አይጠበቅም።

ፋርማሲስት፦ አወሳሰዱም ይታይ። ፓፉን ሳይንጡ፣ ትንፋሻቸውን ሳይዙ የሚወስዱ ብዙ ናቸው። አየር አስወጥቶ፣ ፓፉን እየተጫነ በዝግታ ስቦ፣ 10 ሰከንድ ይያዝ። መድኃኒቱ ምላስ ላይ ከቀረ ለሳንባው ምን ይደርሰዋል?

አሰልጣኝ፦ እስኪመረመሩ ድረስ ልምምዱን ወደ ጠዋት 3 ሰዓት ማዛወር፣ ከአዘዞ መንገድ አቧራና ጭስ ማራቅ፣ በማሟሟቂያው አጫጭር ፈጣን ሩጫዎች ማስገባት እችላለሁ። ሲርታው ግልጽ ለሆነ ልጅ ግን ቀጠሮ እስኪደርስ ፓፍ መከልከልን አሁንም አልቀበልም።

ሐኪም፦ ሲርታው በሐኪም ማዳመጫ (ስቴቶስኮፕ) ከተሰማና ከፓፉ በኋላ ከለቀቀ እኔም አልከለክለውም። የምቃወመው ሳይደመጥ ለሚሰጠው ነው።