ሁለት አሮጌ ሞደሞችን ያለ ስልክ መስመር በሊኑክስ ማገናኘት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የላብ መምህር (ደሴ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አይሲቲ አስተምራለሁ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሲጸዳ አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ ዳያልአፕ ሞደም (በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያስገባው) ወጣ። ሊጣል ሲል ለምኜ ወሰድኩት። ተማሪዎቼ ኔትወርክ ሲባል ዋይፋይ ብቻ ነው የሚመስላቸው። መረጃ ድምፅ ሆኖ በሁለት ቀጭን ሽቦ ሲሄድ በጆሯቸው ይስሙት ብዬ ነው።

ሁለት አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ዴቢያን (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ጭኛለሁ። ሐሳቤ በየኮምፒውተሩ አንድ ሞደም አድርጌ መሀላቸው ላይ የስልክ ገመድ መዘርጋት ነው። የቴሌ መስመር አልፈልግም፣ ኢንተርኔትም አልፈልግም። አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን ፒንግ ካደረገ ("አለህ ወይ?" ብሎ መልስ ካገኘ) ይበቃኛል።

ችግሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ኮምፒውተር ውስጥ የፒሲአይ ሞደም ካርድ አለ። በኤልኤስፒሲአይ (ካርዶቹን በሚዘረዝረው ትእዛዝ) ሳየው "ኮኔክሳንት ኤችኤስኤፍ 56ኬ" ይላል፣ ግን ምንም ፖርት አይሰጠኝም። ሁለተኛው ላይ የሰካሁት ውጫዊ ዩኤስ ሮቦቲክስ ስፖርትስተር ነው፣ በሲሪያል። ሚኒኮም (ከሞደም ጋር በጽሑፍ የሚያነጋግረውን ፕሮግራም) ስከፍት "ፈቃድ የለህም" ብሎ ይመልሰኛል። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ስከፍተው ይከፈታል፣ ኤቲ (የሞደም ትእዛዝ ሁሉ መነሻ) ብዬ ስጽፍለት ግን ፍንክች አይልም። ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ተመሳሳይ ስፖርትስተር አለ፣ አዳፕተሩ ግን ጠፍቷል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ጥቁር ስክሪን

መምህር፣ የውስጡን ካርድ እርሳው። ዊንሞደም የሚሉት እሱን ነው። እውነተኛ ሞደም ድምፁን የሚፈታ የራሱ ፕሮሰሰር አለው። ይኼ ግን የስልክ ሶኬትና ጥቂት ቺፕ ብቻ ነው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራለት የዊንዶውስ ድራይቨር ነበር። ዋጋ ለመቀነስ የተደረገ ነው። ለሊኑክስም ሊኑክሳንት የሚባል ድርጅት ድራይቨር ሠርቶለት ነበር፣ ነፃው ግን ከ14.4 ኪሎቢት በላይ አይሄድም፣ የተሠራውም ለድሮ ከርነሎች ነው። በአሁኑ ዴቢያን ላይ እሱን ኮምፓይል ለማድረግ መታገል ዕድሜ መጨረስ ነው።

ስፖርትስተሩ ግን ወርቅ ዕቃ ነው። ድራይቨር የሚባል ነገር አይፈልግም፣ ሊኑክስ የሚያየው ሲሪያል ፖርቱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኮም ፖርት በሊኑክስ ቲቲዋይኤስ0 ነው፣ ሁለተኛው ቲቲዋይኤስ1።

"ፈቃድ የለህም" የሚልህ ዩዘርህ ዳያልአውት የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ስለሌለ ነው። በዩዘርሞድ ትእዛዝ ጨምረውና ወጥተህ እንደገና ግባ። ሞደም ማኔጀር የሚባለው ሰርቪስ ካለም አጥፋው። ፖርቱን ራሱ እየነካካ ይረብሽሃል። ከዚያ ሚኒኮምን በማስተካከያው ክፈት፦ ፍጥነት 115200፣ 8ኤን1፣ ሃርድዌር ፍሎው ኮንትሮል "አዎ"።

(ትእዛዞቹን በፊደላችን ነው የምጽፈው፣ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል ምታቸው።)

መልስ፦ ቀይ ሽቦ

ጥቁር ስክሪን ያላነሳው አለ። ሱዶ ብለህም ዝም ካለህ ሁለት ነገር ተመልከት። አንዱ ገመዱ ነው። ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው የተጠላለፈው ገመድ ለሞደም አይሆንም፣ ቀጥ ያለው ነው የሚያስፈልግህ። ሁለተኛው የሞደሙ ጀርባ ነው። ስምንት ትንንሽ ነጭ ማብሪያዎች በተርታ አሉ። ስምንተኛዋ ሞደሙ የኤቲ ትእዛዝ ይቀበል አይቀበል የምትወስነው ናት። የየትኛዋ አቅጣጫ ትርጉም ከሆዱ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በስክሪብቶ ጫፍ ግፋት፣ ከዚያ ሞደሙን አጥፍተህ አብራው።

የላብ መምህር

ቀይ ሽቦ ተባረክ! ስምንተኛዋ ነበረች። አሁን ኤቲ ስለው ኦኬ ይላል። ኤቲአይ3 ስለው ስሙን ጽፎ አሳየኝ። ዳያልአውቱም ሠርቷል፣ ሱዶ አያስፈልገኝም። አሁን የቀረኝ የሁለተኛው ሞደም አዳፕተር ነው። ግቢ ውስጥ የዲሲ 9 ቮልት አዳፕተር ሞልቷል፣ ልሰካው?

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

ቆይ! ዲሲ አትስካ። የስፖርትስተር አዳፕተር የሚያወጣው 9 ቮልት ኤሲ ነው፣ 1 አምፔር ገደማ። ውስጡ ትራንስፎርመር ብቻ ነው ያለው፣ ለዚህ ነው እንደ ድንጋይ የሚከብደው። ከሞደሙ መሰኪያ አጠገብ "ኤሲ" ተብሎ ተጽፎ ታየዋለህ። ከአሜሪካ ይላክልኝ እንዳትል ደግሞ፤ እኔ ያለሁበት የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። እዚያ 220 ላይ ስትሰካው ጢሱን ነው የምታየው።

መልስ፦ ድሮ ቴሌ

ልጄ፣ ኮሌጃችሁ የኤሌክትሪክ ክፍል የለውም እንዴ? ከ220 ወደ 9 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ስጡኝ በላቸው። አለቀ። ፊውዝ ግን አይቅር።

አሁን ወደ መስመሩ ልምጣ። በኛ ጊዜ ይኼን ነገር በየቀኑ እንጠየቅ ነበር። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም አገራችን ሲገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሞደም ጩኸት ነው። ስልክ የሚያነሳ ሰው "መስመሩ ተበላሽቷል" ብሎ ይደውልልን ነበር፣ ልጁ ኢንተርኔት ላይ ሆኖ።

ሁለት ሞደም በቀጥታ ብታገናኝ የሚጎድልህ ሁለት ነገር ነው። አንዱ "ቱ…" የሚለው የመደወያ ድምፅ ነው። ሞደሙ እሱን ካልሰማ "ኖ ዳያልቶን" ብሎ ይዘጋል። ኤቲኤክስ3 ካልከው ሳይጠብቅ ይደውላል። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። የስልክ መስመር ባዶውን 48 ቮልት አካባቢ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ስታነሳው ደግሞ 20 ሚሊአምፔርና ከዚያ በላይ ይሄድበታል። ያንተ ገመድ ይኼ የለውም። ብዙ ሞደም ያለ እሱም ይግባባል። እምቢ ካለ ግን ከሁለቱ መሀለኛ ሽቦዎች አንዱን ቆርጠህ ባለ 9 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አስገባበት። ባትሪ ያለበትን ገመድ ግን ማንም ግድግዳ ላይ ካለው የቴሌ ሶኬት ጋር እንዳያገናኘው። ምልክት አድርግበት።

ገመዱን "ላይን" ከሚለው ወደ "ላይን" ስካ። "ፎን" የሚለው ለስልክ ቀፎ ነው።

አደዋወሉ እንዲህ ነው። አንዱ ጋ ኤቲኤክስ3ዲቲ ብለህ ቁጥር ሳትጽፍ ኢንተር ምታ። ወዲያው ሌላው ጋ ኤቲኤ በል፣ "አንሳ" እንደ ማለት ነው። አትዘግይ፣ የመጀመሪያው ደቂቃ ገደማ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። ልጆቹ ጩኸቱን በደንብ እንዲሰሙት ቀድመህ ኤቲኤም1 በለው። መጀመሪያ የሚሰሙት ቀጥ ያለው ፉጨት የመላሹ ሞደም ነው፣ 2100 ኸርዝ። ከዚያ የሚንኮሻኮሸው ሁለቱ ፍጥነት ሲደራደሩ ነው። ሲስማሙ ድምፅ ማጉያው ይዘጋል።

መልስ፦ ጥቁር ስክሪን

ጋሼ እጅ ነስቻለሁ። የቀረውን ልጨምር።

መምህር፣ 56 ኪሎቢት አትጠብቅ። ያ ፍጥነት የሚገኘው አንደኛው ወገን ከቴሌው ዲጂታል መስመር ጋር ሲያያዝ ነው። ሁለቱም አናሎግ ከሆኑ ጣሪያው 33.6 ነው።

"ኮኔክት" ካለህ በኋላ ሚኒኮምን ስትዘጋው መስመሩ ይቋረጥብሃል። ሲሪያል ፖርቱ ሲዘጋ ዲቲአር የሚባለው ምልክት ይወርዳል፣ ሞደሙም "ባለቤቴ ሄደ" ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ስለዚህ ከመደወልህ በፊት በሁለቱም ላይ ኤቲ&ዲ0 በል። ስትወጣም በኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ኪው ውጣ፣ ይኼ ሞደሙን ሪሴት ሳያደርግ ያስወጣሃል።

ቀጥሎ በሁለቱም ላይ በሱዶ ፒፒፒዲ (በሞደም መስመር ላይ ኔትወርክ የሚዘረጋውን ፕሮግራም) አስነሳ። የፖርቱን ስም፣ 115200፣ ከዚያ አድራሻዎቹን ስጠው። አንዱ ጋ 10.0.0.1:10.0.0.2፣ ሌላው ጋ ገልብጠህ 10.0.0.2:10.0.0.1። ከኋላ ሲአርቲኤስሲቲኤስ፣ ኖኦዝ፣ ሎካልና ኖዲታች ጨምርበት። ኖኦዝ የይለፍ ቃል እንዳይጠይቅ ነው፣ ኖዲታች ደግሞ የሚሆነውን ሁሉ ስክሪኑ ላይ እንድታይ።

የላብ መምህር

ሠራ! ትራንስፎርመሩን የኤሌክትሪክ ክፍል መምህሩ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ፊውዝም አድርጎለት ሰጠኝ። ያለ ባትሪ ስሞክረው "ኖ ካሪየር" (የሌላውን ሞደም ድምፅ አላገኘሁም) ብቻ ነበር የሚለኝ። ባትሪውን ሳስገባ ጮኸ፣ ተንኮሻኮሸ፣ "ኮኔክት 31200" አለ። ፒንጉም ይመልሳል። ልጆቹ የ3 ሜጋባይት ፎቶ ላኩና ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ጠበቁት። "በዚህ ነበር ኢንተርኔት የምትጠቀሙት?" ይሉኛል፣ ሳቅ በሳቅ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ጽሑፍ ፊደል በፊደል ሲመጣ እንዲያዩት ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ቀይ ሽቦ

ይቻላል። ያለ ፒፒፒ፣ ሚኒኮም ለሚኒኮም ሁን። በሁለቱም ላይ ኤቲ&ኤን3 ካልክ 2400 ቢት ላይ ይቆለፋል። ኤቲ&ኬ0 ጨምርበት፣ አለበለዚያ ሞደሙ ጽሑፉን እየጨመቀ ያፈጥንብሃል። ይኼ የዩኤስ ሮቦቲክስ ትእዛዝ ነው፣ በሌላ ሞደም ላይ &ኬ0 ሌላ ነገር ነው የሚያደርገው። በሰከንድ 240 ፊደል ገደማ ይመጣል። አንድ ስክሪን 80 በ24 ስለሆነ ለመሙላት 8 ሰከንድ ይፈጅበታል። ፋይሉን በኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ኤስ፣ "አስኪ" በሚለው ላክ። ለመመለስ ኤቲ&ኤን0።

መልስ፦ ድሮ ቴሌ

ባትሪውን ከክፍል ስትወጣ ንቀለው፣ ሞደሞቹ መስመሩን ሳይዘጉ ካደሩ ያልቅብሃል።