ፍጥረትን አይቶ እግዚአብሔርን ማወቅ እስከ ምን ድረስ ነው?

በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ተይዣለሁ። ሮሜ 1፥20 የማይታየው ባሕርይው ከተሠሩት ነገሮች ታውቆ ይታያል ይላል። ማቴዎስ 11፥27 ደግሞ ከወልድ፣ ወልድም ሊገልጥለት ከሚፈቅድ በቀር አብን የሚያውቅ የለም ይላል። ታዲያ ሰማዩን አይቶ «ፈጣሪ አለ» ያለ ሰው አወቀው ይባላል ወይስ መኖሩን ብቻ ተረዳ? የስዊስ የነገረ መለኮት ምሁር ካርል ባርት፣ እግዚአብሔር ከፍጥረትም በተወሰነ ደረጃ ይታወቃል ላለው ለሌላው የስዊስ ምሁር ለኤሚል ብሩነር፣ በ1934 እ.ኤ.አ. «አይደለም!» ብሎ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል፤ እኔን አልተዋጠልኝም። ጳውሎስ እኮ በአቴና ስብከቱን የጀመረው «ለማይታወቅ አምላክ» ከሚለው መሠዊያ ነው።

አንዲት ተማሪ «ወንጌልን ከቶ ያልሰማ ሰውስ?» ብላ ይዛኛለች። የአበውን ትርጓሜ የተማራችሁ፣ ሁለቱን ጥቅሶች እንዴት ታስማማላችሁ? «ምሥጢር ነው» ብቻ እንዳትሉኝ አደራ፤ እሱን ልጆቹ ጠግበውታል።