አስቸኳይ! ተርቦዬ አልነፋ አለ፣ ቱኒንጉ ደግሞ ነገ ጠዋት ነው

የቀወት ልጅ (ዓርብ፣ 11፡20)
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ሲና ቆሜያለሁ። መኪናዋ ወደ ታርማበር አልወጣም አለች። እስከ አርማንያ ምንም አልነበራትም። ከዚያ በኋላ አቀበት ላይ ስረግጣት «ፉሽሽ» ትልና ጉልበቷ ጥፍት ይላል። ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ አለፈኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ውርደት አለ። ቼክ ኢንጅን (የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቷ) በርቷል። ነገ 3 ሰዓት ደብረ ብርሃን ቱኒንግ (የሞተሩን ፕሮግራም ለጉልበት ማስተካከል) አለን፣ ቀብድ ከፍያለሁ። ቱኒንግ የሚሠራው ልጅ በላፕቶፑ ተርቦውን (ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋውን) ትንሽ ከፍ ቢያደርግልኝ ይስተካከላል? ወይስ የከፍታው ጉዳይ ነው? ቶሎ በሉኝ፣ ሊመሽ ነው፣ ጉሙም እየወረደ ነው።

ባጃጅ አብራሪ
ሲኖትራክ ካለፈህማ ሸጠህ ሲኖትራክ ግዛ።

ኮምፒውተር ብቻ
ኮምፒውተር አስነብባት።

ጋሽ ብሎን
ልጄ፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ከታች ያለችው ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ደብረ ብርሃን 2,840። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲተያይ 70 በመቶን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ተርቦ የሌለው መኪና ሩብ ጉልበቱን መንገድ ላይ ጥሎ ይደርሳል። ተርቦ ያለው ግን የጎደለውን አየር ጨምቆ ይሞላዋል። ይህ በነጻ አይመጣም። ጠረፍ ላይ 1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ተቀብሎ 1.8 የሚያወጣ ተርቦ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 0.7 ተቀብሎ ነው ያንኑ 1.8 እንዲያወጣ የሚጠየቀው። ያን ጊዜ እጥፍ እንኳ አልነበረም፣ አሁን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ። ይሽከረከራል፣ ይግላል። ውሃም እኮ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳትከፍት። ጣልያን የታርማበርን ዋሻ በቆፈረበት ዘመን የነበሩት ካሚዮኖች ደግሞ...

የቀወት ልጅ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ እርስዎ እውነትዎን ነው። ግን አሁን እየፈላሁ ያለሁት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ?

ኮምፒውተር ብቻ
አስነብባት አልኩህ እኮ።

የቀወት ልጅ
ወንድሜ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ነኝ። ከፊቴ ያለው ቆሎ ሻጭ ነው። በቆሎ ላስነብባት?

መንዜው
ይቅርታ አድርግልኝና ጥያቄህ ራሱ ልክ አይደለም። ከፍታው ነው ወይ ትላለህ። ታርማበር ያለፈው ሳምንትም እዚያው ነበር፣ ያን ጊዜ አልወጣህም? በዚያ ላይ ቱኒንግ ጥገና አይደለም። የሚያፈስ ነገር ካለ ተርቦውን ከፍ ማድረግ የተቀደደ ጆንያ ላይ እህል መጨመር ነው። ተርቦው ያላቅሙ ይሽከረከርና እሱም ያልቃል።
አንድ የማውቀው ልጅ ለዱባይ ነዳጅ የተሠራ የቱኒንግ ፋይል ገዝቶ ጫነ። ዱባይ ማደያ 98 ኦክቴን፣ ማለትም ቶሎ የማያንኳኳ ቤንዚን ይቀዳሉ። እኛ ማደያ ገብተህ ቤንዚን ስትል የሚቀዳልህ ያለው ነው፣ «የትኛውን?» የሚልህ የለም። ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፣ ሰውዬው ሙዚቃ ጨመረበት። በሁለት ሳምንቱ ፒስቶኑ ፋሻ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተሰብሮ ተገኘ። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ይህችን ካቃጠልካት ሌላ አታገኝም።

ባጃጅ አብራሪ
ሙዚቃው ምን ነበር?

አስተባባሪው
ስለ ነገው፦ መኪናዎቹ አምስት ናቸው። ዳይኖ (መኪናን አቁሞ ጉልበቷን የሚለካ ማሽን) ስለሌለን ልጁ ከጎን ተቀምጦ መንገድ ላይ ነው የሚያስተካክለው። አንዷ መኪና ሁለት ሰዓት ያህል ትፈጃለች። ነዳጅ ከግማሽ በላይ ይዛችሁ ኑ። ቼክ ኢንጅን የበራባትን መኪና አልነካም ብሏል፣ አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

መንዜው
መንገድ ላይ ሲባል ጫጫ አቅጣጫ ነው? ነገ ቅዳሜ ነው። መንገዱ የሰውም የበግም ነው። እስከ መጨረሻው እየረገጣችሁ የሰው በግ እንዳትገጩ።

አስተባባሪው
በጠዋቱ እንጨርሳለን ብለን ነው።

መንዜው
በግም በጠዋት ነው የሚነዳው።

የአንኮበሯ
ወንድሜ የቀወት ልጅ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። መኪናህ ምንድን ነች? ሰሞኑንስ ኮፋኖ ከፍቶ የነካካት ሰው አለ?

የቀወት ልጅ
ፎሬስተር፣ 2.5 ተርቦ፣ የ2009 ሞዴል። ብያለሁ መሰለኝ። የነካካት ሰው የለም። ማክሰኞ ለቱኒንጉ ብዬ አንድ ጋራዥ ኢንተርኩለሯን (ተርቦው የነፋውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘውን) አስወርጄ አሳጠብኩ እንጂ።

ባጃጅ አብራሪ
«የነካካት ሰው የለም።» ሃሃሃ። በሽተኛው ደህና ነው፣ ማክሰኞ ሆዱን ቀደውት ነበር እንጂ።

የአንኮበሯ
እንግዲያው ሌላ ቦታ አትፈልግ። የእኔ ሃይሉክስም ጎረቤላ ዳገት ላይ እንዲሁ አድርጎኛል፣ ገበያተኛውን ሁሉ በጥቁር ጭስ አጥኜው ነበር።
መኪናዋ የምትገባላትን አየር በር ላይ ትቆጥራለች። በቆጠረችው ልክ ነዳጅ ትረጫለች። ተርቦው ሲነፋ ግን አየሩ በላላው ቱቦ መንገድ ላይ ያመልጣል። ነዳጁ ተርፎ ይቀራል፣ ጉልበት ይጠፋል፣ ከማርሚታ ጥቁር ጭስ ይወጣል። «ፉሽሽ» ያልከው የሚያመልጠው አየር ነው። ቀስ ብለህ ስትነዳ ደህና የምትሆነውም ተርቦው ስለማይነፋ ነው።
አሁን አጥፋትና ግማሽ ሰዓት ትብረድ። ፎሬስተር ላይ ኢንተርኩለሩ ከሞተሩ በላይ ነው ያለው፣ ኮፋኖው ላይ ባለችው አየር ማስገቢያ ልክ። ከተርቦው የሚመጣበት አንድ ጫፍ አለ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ሌላ ጫፍ አለ። የሁለቱንም ፋሸታ (የጎማ ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘውን ቀለበት) በጣትህ አዙር። መዞር የለበትም። ከዞረ ልል ነው። ጎማው የብረቱን ከንፈር ሙሉ ለሙሉ መዋጡንም በባትሪ እይ፣ በተለይ ከሥር በኩል። ከላይ የገባ መስሎ ከሥር ግማሹ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቅባት ካለው በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ አለዚያ አስረኸውም ይንሸራተታል።

ሳሙና አረፋ
ሳሙና በውሃ በጥብጠህ ቱቦው ላይ አፍስስ፣ አረፋ ካወጣ እዚያ ነው። ጎማ የሚበሳብንን እንደዛ ነው የምንፈልገው።

የአንኮበሯ
ቆማ ስትሠራ እኮ ተርቦው አይነፋም፣ እንዲያውም ወደ ውስጥ ትስባለች። አረፋ አይወጣም፣ «ደህና ነው» ብለህ ትታለላለህ። ጋራዥ ውስጥ በኮምፕሬሰር አየር ሲሞሉባት ነው ሳሙና የሚሠራው።
ሌላም አለ። ኢንተርኩለሩ ላይ በሁለት ብሎን የምትታሰር አየር መልቀቂያ ቫልቭ አለች። ሲያጥቡ ነቅለዋት ጋስኬቷን (መሃል የምትገባውን ማሸጊያ) ሳይመልሱ አስረዋት ሊሆን ይችላል። እሷንም እያት።

ጋሽ ብሎን
ልጅቷ ልክ ነች። እኔም ወደዚያው እየመጣሁ ነበር።

ባጃጅ አብራሪ
ጋሼ፣ በዋሻው በኩል ዞረው ነው የሚመጡት?

ጋሽ ብሎን
አንተ ሳቅ። ለልጁ ግን አንድ ልጨምር። የሱባሩ ተርቦ ዘይት የሚሄድለት ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ብሎን ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች። ዘይት ሳይቀየር ከቆየ ትደፈናለች፣ ተርቦው ያለ ዘይት ይሽከረከራል። ከቱኒንግ በፊት ትታይልህ። አቀበት ወጥተህም ወዲያው አታጥፋ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆማ ትሥራ።

ኮምፒውተር ብቻ
ቼክ ኢንጅኑ ለምን እንደበራ ግን ኮዱን አንብቦ የሚነግርህ ኮምፒውተር ነው።

መንዜው
ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማሁ። ኮዱ ፒ0299 ካለ የተርቦው ንፋት አነሰ ማለት ነው፣ የአንኮበሯን ያጸድቅላታል። ግን መጀመሪያ ይታሰር፣ ኮዱ በኋላ ይጥፋ። ኮዱን አጥፍቶ ቱነሩን ለማታለል የሚያስብ ካለ ደግሞ አደራ።

የቀወት ልጅ (1፡05)
ዞረ!! ወደ ሞተሩ የሚገባው ፋሸታ በጣቴ ዞረ። ጎማው ከሥር በኩል ከከንፈሩ ወጥቷል፣ ልክ እንዳልሽው። እህቴ እጅሽ ይባረክ። የቆሎ ሻጯ ልጅ ካቻቢቴ ይዞልኝ መጣ፣ ጫፉ የተበላ ነው ግን ይይዛል። እጄ በብርድ ደንዝዟል። ስልኬ 4 በመቶ ነው። አስሬ ልሞክርና እመለሳለሁ።

የአንኮበሯ
ጎማውን እስከ መጨረሻው ግፋው፣ ከዚያ እሰር። ካቻቢቴው ካንሸራተተህ የፋሸታዋ ጭንቅላት ስድስት ጎን ነው፣ በቁልፍም ይታሰራል። ጉሙ ከወፈረ ግን ዛሬ አትውጣ፣ እዚያው እደር።

መንዜው
ቀስ ብለህ ሞክራት፣ መጀመሪያ ሜዳው ላይ።

የአንኮበሯ (3፡30)
ወጣህ?

አስተባባሪው (ቅዳሜ፣ 2፡50)
የቀወት ልጅ፣ የት ደረስክ? ስልክህ ጥሪ አይቀበልም ይላል። አንተ አንደኛ ነበርክ።

ባጃጅ አብራሪ
ጠዋት ዋሻው ጋ አንድ ቀይ ፎሬስተር ቆሞ አይቻለሁ። ጭላዳ ኮፋኖው ላይ ተቀምጦ ፋሸታውን እያየለት ነበር።

አስተባባሪው
የሱ ነጭ ናት።

ባጃጅ አብራሪ
እንግዲያው ጭላዳው ሌላ ደንበኛ ይዟል።

አስተባባሪው (3፡40)
ተራውን ለሁለተኛው ሰጥቻለሁ። ከሰዓት ከደረሰ መጨረሻ ይገባል፣ ቀብዱ አይጠፋበትም። የቪትዝ ባለቤት፣ እባክህ በውስጥ መስመር መጻፍ አቁም። ቪትዝህ ተርቦ የላትም።

ባለ ቪትዝ
ይገጠምላት እንጂ!

ኮምፒውተር ብቻ
መጀመሪያ ኮምፒውተር አስነብባት።