ባሕር ዳር ላይ በአቅሜ ቤት የት ላግኝ?

ጠያቂ፦ አስተማሪ ነኝ። ከደብረ ታቦር ተዛውሬ ከልጄ ጋር ልመጣ ነው። አንድ ክፍልና ማብሰያ ይበቃናል። ደላላው ግን የ6 ወር ቅድሚያ ክፍያ አምጪ አለኝ። ከየት ላምጣ?

የዓባይ ማዶ ነዋሪ፦ እህቴ፣ ወደኛ ተሻገሪ። ከመሃል ከተማው ይሻልሻል። እኔ ቤቴን ያገኘሁት ያለ ደላላ ነው፤ ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት ጠቁመውኝ። የሚለቀቅ ቤት ሁሉ ቡና ሻጮች ጋ ይሰማል። ደግሞ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የመብራቱን ሂሳብ ቀድመሽ ተነጋገሪ። በሱ ተጣልቼ አንድ ቤት ለቅቄያለሁ።

ሌላ መላሽ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። እዚያ መተግበሩን ቀበሌ ጠይቂ። ውሉም በጽሑፍ ይሁን።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ቅዳሜ ዓባይ ማዶ እመጣለሁ።